ቀልድ አይተን ውሳኔ ያስተላለፍን ዕለት

እኔ ባለሁበት ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ ቀልድ ሊጀምር ሲል የልጅ ልጆቼ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሪሞቱን ከእኔ መደበቅ ነው። እውነታቸውን ነው። አባት ሆኖ የመጣው ሰውዬ ቂል፣ እናቲቱ ጯሂ፣ ጎረምሳው ደንቆሮ፣ ልጃገረዷ ደግሞ ከመስታወት ሌላ ዘመድ የሌላት ሆና ብቅ ስትል እኔ ሽማግሌው ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። «አያቴ፣ ቀልድ እኮ ነው!» ይሉኛል። «አውቃለሁ» እላለሁ። ደግሞም አውቃለሁ። ቀልድ መሆኑን ያላወቀ አንድ ከተማ ነበር፤ እኔም በዚያ ከተማ ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ ቆሜ ነበር።

ቁጣ ከሰው ጋር ያረጃል ሲሉ ሰምቼ ስጠብቅ ኖርኩ። ጥርሴ ሄደ፣ ጉልበቴ ሄደ፣ ቁጣዬ ግን እስከ ዛሬ ጎረምሳ ነው። እንግዲህ ቀድሞኝ የማይሞት ከሆነ ልጻፈውና እናንተም ተካፈሉኝ።

ነገሩ የሆነው አብዮቱ አሥር ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። እኔ አሰበ ተፈሪ፣ የገበያው ሰው ጭሮ በሚላት ከተማ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለች አንድ በር ሱቅ ራዲዮ እጠግን ነበር። እጠግን ነበር ስል እንዳትሳሳቱ። ከፍቼ አቧራውን እፍ እላለሁ፤ እምቢ ካለ የባትሪ ድንጋዩን እቀይራለሁ፤ አሁንም እምቢ ካለ በመዳፌ እመታዋለሁ። ከሦስቱ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። በዚህ ዝና የተነሳ ቀበሌያችን ቴሌቪዥን ሲሰጠው «ከራዲዮ ጋር ዘመድ ነው» ተብሎ ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ።

የምን ቁልፍ ትሉ ይሆናል። ያኔ የቀበሌ ቴሌቪዥን እንደ ዛሬው ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። አዳራሹ ፊት ለፊት፣ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ፣ ሁለት መዝጊያ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ሰዓቱ ሲደርስ ባለ ቁልፉ ይመጣል፣ ሕዝቡ ዝም ይላል፣ መዝጊያው ይከፈታል። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በከተማው ሳልፍ ጳጳስ እንጂ ራዲዮ ሠሪ አልመስልም ነበር።

አንድ ነገር ያዙልኝ። እስከዚያ ዕለት ድረስ ከዚያ ሣጥን የወጣው ሁሉ ስብሰባ፣ ንግግር፣ ሰልፍና ምርት ነው። ደግሞም ሣጥኑ በተዘጋ ቁጥር ውይይት ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መኩሪያ ይነሳና «ከዚህ ምን ተማርን?» ይላል። አንድ ሁለት ሰው ይናገራል፤ ከዚያ አቋም ይያዛል፤ እጅ ይወጣል፤ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከሣጥኑ የመጣ ነገር መመሪያ ነው። በኛ ከተማ የሣጥኑ ቋንቋ እንዲህ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ቀልድ መጣ።

እኔ አላየሁትም። ከአዳራሹ ጎን ባለችው መጋዘን ጣሪያ ላይ ወጥቼ አንቴናውን ይዤ ነበር። በመስኮት «ወደ ቀኝ! ኧረ ወደ ቀኝ! በቃ፣ አትንቀሳቀስ!» ይሉኛል፤ እኔ ክንዴን ወደ ላይ ዘርግቼ የአንቴናውን እንጨት አንቄ እቆማለሁ። ቆርቆሮው በፀሐይ ግሏል። ከታች ግን ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ ይወጣል። ከዚያ አዳራሽ ሳቅ! ሰው እግሩን መሬት እየመታ፣ ሴቶች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እኔ ቂሉ ላብ በላብ ሆኜ ደስ አለኝ። ይህን ሁሉ ሕዝብ የማስቀው እኔ ነኝ ብዬ አንቴናውን አጥብቄ ያዝኩላችኋ! ሳቁ ካበቃ በኋላም ‹ውረድ› ያለኝ ስለሌለ እንደያዝኩ ቆየሁ።

ስወርድ ሰዉ እንባውን እየጠረገ ይወጣል። ጓድ መኩሪያ በር ላይ አገኘኝ።

«ጓድ ደምሴ፣ ዛሬ ጥሩ ውሳኔ አሳለፍን» አለኝ።

«የምን ውሳኔ?»

«ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ በጥናት ስም ከቤት እንዳይወጡ። በሙሉ ድምፅ!»

«እንዴት በሙሉ ድምፅ? እኔ ጣሪያ ላይ ነበርኩ እኮ።»

«አየንህ እንጂ በመስኮት። እጅህ ወደ ላይ ነበር።»

«አንቴና ይዤ ነው!»

«ያዝክም አልያዝክም እጅ እጅ ነው። ቆጥረነዋል።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የቀለደ መስሎኝ ነበር።

ልጄ ሰናይት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ማትሪክ ሊፈተኑ ጥቂት ሳምንታት ቀርቷቸዋል። በክፍሏ የቀሩት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ እሷና ፋጡማ አይነጣጠሉም። ፋጡማ የጎረቤታችን የጫት ነጋዴው የሙሜ ልጅ ናት። ሁለቱ ከትምህርት በኋላና ቅዳሜና እሁድ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ተፈቅዶላቸው ያጠናሉ። ቤት ለምን አያጠኑም? የሙሜ ቤት ቀኑን ሙሉ የሂርና ገበያ ጫት ይራገፍበታል፤ ደላላና ሾፌር አይለየውም። የእኔ ቤት ደግሞ አንድ ክፍል ነው፤ ሱቅ ያልበቃቸው ራዲዮዎች እዚያ ያድራሉ፤ እኔ አንዱን ስመታ ሌላው ይጮኻል። እና የልጄን ጥናት ከቤት ያስወጣው የእኔው ሙያ ነበር ማለት ነው።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰናይት ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ገባች።

«ምነው ቶሎ መጣሽ?» አልኳት።

«አብዮት ጥበቃው ከትምህርት ቤቱ በር መለሰን።»

«ምን ብሎ?»

«ድምፁን አቀጥኖ ‹ጥናት ነው!› አለ። ከዚያ ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። ፋጡማን ደብተሯን አስከፍቶ በረበረው።»

«ምን ፈልጎ?»

«መስታወት።»

ምንም አልገባኝም። እሷም አልገባትም። ፊቷ ግን እንደ ጋለ ብረት ሆኗል።

«አባዬ፣ አዳራሽ ውስጥ ስለ እኛ ምንድን ነው የታየው?»

«እኔ ጣሪያ ላይ ነበርኩ።»

«እጅህን አወጣህ ይላሉ።»

ባለቤቴ አስካለ ከምድጃው ቀና ብላ አየችኝ። አስካለ ጮኻ አታውቅም። በኛ ቤት የሚጮኸው እኔ ነኝ፤ እሷ ታያለች። ያ አስተያየት ከመጣ እኔ ራሴ ሳልጠየቅ ጥፋት እፈልጋለሁ።

«አንቴና ይዤ ነው» አልኩ። እስቲ አሁን ይህ መልስ ነው?

ቀልዱን በሚቀጥሉት ቀናት ሳልፈልግ ተማርኩት፤ ከተማው በሙሉ ተዋናይ ሆኖ ያሳየኝ ጀመር። ሚሚዬ የምትባል ልጃገረድ አለች። ክንዷ ሥር መጽሐፍ ታቅፋ «ጥናት ነው!» እያለች ከቤት ትወጣለች። ጥጉን ስታልፍ መጽሐፉን ትከፍታለች፤ መሐሉ ተቦርቡሮ መስታወትና የከንፈር ቀለም ተቀምጦበታል። ከዚያ ወደ ጭፈራ። ወንድሟ ጎፈሬው ላይ ሚዶ ሰክቶ የሚዞር፣ ከሙዚቃ ሌላ የማይሰማ። እናትየዋ ማማሰያ ይዛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትጮኻለች። አባትየው ጋቢውን ገልብጦ ለብሶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬን ያያችሁ!» የሚል፣ ከሰፈር ሁሉ መጨረሻ የሚሰማ ጅል። በቃ ይኸው ነው። ደራሲው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ የማንን ልጅ አይቶ እንደጻፈ አላውቅም። የጭሮን ልጅ እንዳላየ ግን እምላለሁ።

ልጄ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ «ጥናት ነው!» ይሏታል። ጉልት ያለችው ቲማቲም ሻጭ፣ የአውቶቡስ ረዳቶቹ፣ ማርያም ስትሳለም ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። አንድ የሚያውቃትን ሰው ጠርቼ «አንተ፣ ይቺ ልጅ ክርስትና ስትነሳ በልተሃል፣ እንዴት እንዲህ ትላታለህ?» ስለው «ቀልድ እኮ ነው ጋሼ ደምሴ» አለኝ። ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቀልድ ከሆነ ጥበቃው ለምን በር ላይ ቆመ? ቁምነገር ከሆነ ለምን ትስቃላችሁ? ሁለቱን ባንድ አፍ!

በሳምንቱ አጋማሽ የባሰው መጣ። ሰናይት እየሮጠች ሱቄ ገባች። እስክትናገር ድረስ ትንፋሽ አጥሯት የራዲዮዎቹን መደርደሪያ ይዛ ቆመች።

«ፋጡማን አባቷ አስቀራት። ከትምህርት ቤትም ጭምር። ቦኬ ከተማ ላለ ነጋዴ ሊድራት ነው፤ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር።»

«ፈተናውስ?»

«ምን ፈተና? ‹ሰው ሳይስቅብኝ› ነው ያላት።»

ሙሜን የማውቀው ሰው ነው። ዓመታት በአንድ አጥር ኖረናል፤ የእሱ የጫት በርጫ ላይ እኔ ሻይ ጠጥቼ እውላለሁ፤ የእኔ ፋሲካ ላይ ለእሱ ለብቻው ይታረድለታል። ልጁን ከማንም በላይ ይወዳት ነበር። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሐኪም ትሆናለች» እያለ ለሾፌሮቹ ሁሉ የሚነግር እሱ ነው። ያን ቀን ቤቱ ብሄድ ሂርና ወርዷል አሉኝ። እኔን ሽሽት እንደሆነ ገባኝ።

እሁድ ደረሰ። ‹ካለፈው የቀጠለ› ይታያል ተብሎ አዳራሹ አፉ ድረስ ሞላ። እኔ ሣጥኑን ከፍቼ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጓድ ደምሴ፣ አንቴናውስ?» አለኝ መኩሪያ።

«በሽቦ አሥሬዋለሁ።»

«ይታሠር ኖሯል እንዴ?»

ይታሠር ኖሯል! ስንት እሁድ ጣሪያ ላይ ተጠብሻለሁ፤ ሽቦ ያሰብኩት ያን ጠዋት ነው። ራዲዮ ሠሪያችሁ ይህ ነበር።

ጀመረ። ልዋሻችሁ አልችልም፤ አባትየው ብቅ ሲል ሳቅሁ። እኔን ነዋ! ጋቢው የእኔ ጋቢ፣ መነጽሩ የእኔ መነጽር፤ አስካለም ጥጓ ላይ ሆና ስትንፈቀፈቅ ሰማኋት። በራሴ ላይ መሳቅ አይከብደኝም፤ ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ነው። ከዚያ ሚሚዬ መጽሐፏን ታቅፋ ወጣች። አፏን ሳትከፍት አዳራሹ በሙሉ ባንድ ድምፅ «ጥናት ነው!» ብሎ አስተጋባ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። በዚያ መሐል ሰዉ አንድ በአንድ ወደ በሩ ዞሮ ማየት ጀመረ። እኔም ዞርኩ።

ሰናይትና ፋጡማ በሩ ላይ ቆመዋል። ፋጡማ ከቤት ሾልካ ወጥታ ፊቷን በሻሽ ሸፍናለች፤ ዓይኗ ብቻ ይታያል። አንድ ሳምንት ሙሉ ሲሳቅባቸው የከረሙባትን ያቺን ሚሚዬን ማየት ፈልገው ነው የመጡት። ሰዉ ሣጥኑን ያያል፤ ወደ በር ዞሮ እነሱን ያያል፤ እንደገና ይስቃል። እነሱ ግን ዓይናቸውን ከሣጥኑ ላይ አልነቀሉም። እዚያ አባትየው ነገሩን ሰምቶ ዱላ አንስቶ ጭፈራ ቤቱ በር ላይ ደርሷል። «በላት! በላት!» ይላል ሕዝቡ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ሁለቱን መዝጊያ በጥፊ እንደ መምታት አድርጌ ዘጋኋቸው፤ ቆለፍኩ። ውስጥ ሙዚቃው ይጮኻል። ያን ጊዜ ደርግ ነው፣ ወንድሞቼ፤ የቀበሌን ሣጥን ሕዝብ ፊት መዝጋት ቀልድ አልነበረም። ጓድ መኩሪያ እየተንደረደረ ሲመጣ ቁልፉን ከአንገቴ ሊበጥስ መሆኑን አየሁ። ክሩን በጠስኩና ቁልፉን አፌ ውስጥ ከተትኩት።

«ክፈት!» አለ።

«እምም» አልኩ።

እንግዲህ እዩልኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከተማ ሙሉ ሰው የምለውን ለመስማት ጆሮውን ሰጠኝ። የምለውም ነበረኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴ ውስጥ ሲንተከተክ የከረመ። አፌ ግን ቁልፍ ይዟል! ብተፋው ይወስደዋል፤ ብውጠው እሞታለሁ። ዓይኔን አፍጥጬ ቆምኩ። አንድ ሰው ሊስቅ ሲጀምር የልጄ ድምፅ ከበሩ መጣ።

«ውይይት ይደረግ!»

መኩሪያ ዞረ። «ምን አልሽ አንቺ?»

«ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ ውይይት አለ። ዘወትር አለ። ይደረግ።» በሰው መሐል እያቋረጠች መጣች፤ ፋጡማ ቀሚሷን ይዛ ከኋላዋ። ድምጿ ቀጥ ብሏል። «አንድ ነገር ልጠይቅ። የዚህ ከተማ ሴት ተማሪ ጥናት ብላ ወጥታ ሌላ ቦታ ስትሄድ በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። በዚያ አዳራሽ እጅ ያልወጣበትን ጥያቄ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሚሚዬን ያየ ያውጣ።»

ሰዉ ተያየ። ጥቂት እጅ፣ ከዚያ ብዙ እጅ ወጣ።

«ሚሚዬ የት ነው ያለችው?»

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር «ሣጥኑ ውስጥ ናታ!» አለ።

«ያጠፋችው እሷ፣ የታሠርነው እኛ። አሁን አባቴ ቆልፎባታል። እኛን ፍቱን።»

ከሴቶቹ በኩል እማማ ዘነቡ፣ ለከተማው ሁሉ አረቄ የሚያወጡት አሮጊት፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። «እኔ ያን ለት እጄን ያወጣሁ፣ ጎረቤቴ ስታወጣ ነው» አሉ። «አሁን አውርጃለሁ። ይጻፍልኝ።»

«እኔም አውርጃለሁ» አለ ሾፌሩ። «እኔም።» «የኔንም ጻፍ።»

«የወጣ እጅ አይወርድም!» ብሎ ጮኸ መኩሪያ። «ውሳኔው ወደ ላይ ተልኳል!»

እና እኔን ወሰዱኝ። ቁልፉ አፌ ውስጥ እንዳለ፣ በሁለት አብዮት ጥበቃ ተይዤ፣ በዋናው መንገድ፣ ጉንጬ እንደ ቃሚ አብጦ። ጫት የማልቅም ሰው ያን ዕለት ከከተማው ሁሉ ትልቁን ጉንጭ ይዤ አለፍኩ።

በማግስቱ አስካለ ምሳ ይዛ እሥር ቤት መጣች። ቁልፉን ተረከበችኝ፤ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራው ሄደች። «ፈርተህ ነበር?» አለችኝ። «ላለመዋጥ ብቻ» አልኳት። ያን ጊዜ አስካለ ከት ብላ ስትስቅ ዘበኛው ሳይቀር ደነገጠ።

ከሰዓት ሙሜ መጣ። በፌስታል ዳቦና ሙዝ ይዟል። ከቀበሌው እሥር ቤት የሽቦ አጥር ማዶ ቁጢጥ አለ።

«ያ ደምሴ» ብሎ በኦሮምኛ ጠራኝ፣ «አንተ የእኔ አማርኛ ታውቃለህ። የገበያ አማርኛ ነው። ስንት ነው፣ ጨምር፣ ቀንስ። ያን እሁድ መስኮት ላይ ቆሜ ነበር። ወላሂ፣ ቃሉ አልገባኝም። የገባኝ ኮልፋው ነው። ሳቁ። አባትየው ሲያልፍ ሰው ሁሉ ሳቀበት። ልጅቷ ስታልፍ ሳቀባት። እኔ እንደዚያ ሆኜ ሂርና እገባለሁ? ደላላ ፊት እቆማለሁ?»

«ልጅህን ጠየቅካት?»

«ምን ብዬ?»

«የት ነው የምታጠኚው ብለህ። አሳይኝ ብለህ።»

ፌስታሉን ቋጠረ፣ መልሶ ፈታው።

«ሙሜ፣ ቃልህን መልስ። አሁንም አልመሸም።»

«ሽማግሌዎቹ ቤቴ በልተዋል» አለ። «የሐረርጌ ሰው ቃል አንቴና አይደለም፣ ያ ደምሴ። ወደ ቀኝ ወደ ግራ አታዞረውም።»

በሽቦው ውስጥ አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ። ግን ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ዳቦውን በሽቦው ቀዳዳ አቀበለኝ። ጮኽኩበት፤ ያለኝን ስድብ ሁሉ አወጣሁ። ተነስቶ ሄደ። ያን ቀን ጩኸቴ ለምን እንደማይሠራ ገባኝ፤ የሚጮኽ ወላጅ ከሣጥኑ ውስጥ ሲሳቅበት አይቷል።

ፈቱኝ። አዳራሽ ውስጥ ግለሂስ አድርግ ተባልኩ። «ቁልፍ አፍ ውስጥ መክተቴ ለጤና አደገኛ ነበር» አልኩ። ሳቁ፤ ይበቃል ተባለ። ሹመቴ ተነጠቀ፤ የሣጥኑን ቁልፍ ሰበሩ፤ አዲስ ባለ ቁልፍ ተሾመ። ውሳኔው አልተሻረም፤ ወደ ላይ ሄዷላ! ግን የእማማ ዘነቡ እጅ ነገር ከተማው ውስጥ ስለተዛመተ «ወላጅ ባለበት ይፈቀዳል» የምትል ማሻሻያ ተጨመረችለት። ወላጁ እኔ ሆንኩ። በየከሰዓቱ የእንጨት ዱካዬንና የታመሙ ራዲዮዎቼን ይዤ ትምህርት ቤቱ ክፍል በር ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ሰናይትና የቀሩት የክፍሏ ሴቶች ውስጥ ሆነው ስለ አሲድና ስለ ጨው ይጨቃጨቃሉ። ራዲዮ መምታት ተከለከልኩ። ሰናይት የፋጡማን ወንበር አጠገቧ ባዶውን ታስቀምጠው ነበር።

ፋጡማ ፈተናው ሳይደርስ በላንድሮቨር ወደ ቦኬ ተወሰደች። እልልታ ነበር፣ ከበሮ ነበር። ሙሜ ድግሱን አሳምሮ ደገሰ። እኔ አልሄድኩም፤ አጥራችን አንድ ሆኖ ሳለ አልሄድኩም። ሰናይት ተፈተነች፣ አለፈች፣ ኮሌጅ ገባች።

ታዲያ ምን ተቀየረ? እናንተ አንባቢዎቼ ይህን ትጠይቁኝ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ እኔ ሰው ሲስቅ መጀመሪያ የማየው ወደ በሩ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ይኖር ይሆን እላለሁ። የልጅ ልጄ ዛሬ ስልኳ ላይ አንገቷን ደፍታ ስትውል ጎረቤት «የዛሬ ልጆች!» ይላል፤ ከሣጥን የተማረውን ነው የሚደግመው። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ «ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። ለታመመች ጓደኛዋ የክፍል ማስታወሻ እየላከች ነበር። የጠየቃት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀልድን አልጠላም፤ ያለ ቀልድማ በዚህ ፊቴ እንዴት ኖሬ! የምጠላው ልጃችንን አጠገባችን አስቀምጠን፣ ማን እንደሆነች ለማወቅ የማያውቃትን ሰው የምናይበትን ጅልነት ነው። አባት ጅል ነው ተባልን፤ ጅል አለመሆናችንን ለማሳየት ብለን ጅሎች ሆንን። ንዴቴ እዚህ ላይ ነው፤ ሪሞቱን ደብቁት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የአንድ ሱቅ ራዲዮ ልጠግን ቦኬ ሄጄ ነበር። የገበያ ቀን ነው። ጨርቅ ዘርግተው ከሚሸጡት መሐል አንዷ ልጅ አዝላለች፤ ሌላው ጉልበቷን ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ ደምሴ!»

በዓይኗ ነው ያወቅኋት። ስለ ሰናይት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ደስ አላት፤ የምሬን ነው፣ ደስ አላት። ሻይ አስመጣችልኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጨርቁን እያጣጠፈች፣ ሳታየኝ፣

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ያን ቀን አባትየው ዱላውን አንስቶ በር ላይ ሲደርስ ዘጋኸው። ከዚያ ምን አደረጋት?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

«ማንም አያውቅም?»

«የኛ ሰው ማንም አላየውም።»

«እኔ ሳስበው» አለች፣ «ሊመታት አይመስለኝም። ሊጠይቃት ነው የሚመስለኝ። ‹የት ነበርሽ?› ሊላት።»

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ስንት ዓመት ዘግይቼ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ አባቷም፣ ጥበቃውም፣ አዳራሹም፣ እኔም።

«ፋጡማ» አልኳት፣ «ያኔ በየከሰዓቱ የት ነበርሽ?»

ጨርቁን አጣጥፋ ጨርሳ ጉልበቷ ላይ አኖረችው፤ ቀና ብላም አየችኝ።

«ጥናት ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

ሁለታችንም አልሳቅንም።